ማየትን መማር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የአንደኛ ዓመት የሥዕል ተማሪ ያደረገው ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ቆሜ እንድናገር ዕድል ተሰጥቶኛል። ከዚህ ቤት ወጥተው በሕክምና፣ በምሕንድስና፣ በሕግና በመምህርነት አገራቸውን የሚያገለግሉ ብዙ ታላላቆቻችን እያሉ፣ ገና የአንደኛ ዓመት የሥዕል ተማሪ ለሆንኩት ለእኔ ተራው የደረሰኝ ስለ ዕውቀቴ ብዛት እንዳልሆነ ግልጽ ነው። የበዓሉ አዘጋጆች የጠየቁኝ፣ «ሥዕል ሊማር የሄደ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ምን ሲሠራ ይከርማል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ እንድሰጥ ነው። ይህም በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ በጅጋም ሆነ በደምበጫ ወላጅ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ተገቢ ነው። ልጁን ለማስተማር በሬውን የሸጠ አባት፣ ጠላ ጠምቃ ደብተር የገዛች እናት፣ ልፋታቸው የት እንደ ገባ የማወቅ መብት አላቸው። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ የተሰጡንን ሥራዎች አንድ በአንድ እየጠቀስኩ፣ ከእነዚህም ምን እንደሚገኝ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በሥዕል ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ትምህርት የመሠረት ትምህርት ይባላል። ሠዓሊ ለመሆን የሚፈልገውም፣ ሐውልት ለመቅረጽ የሚሻውም፣ የኅትመት ሥራ ወይም የዕቃ ንድፍ የሚመኘውም በዚህ ጊዜ በአንድ ክፍል ተቀምጦ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ተማሪው ልቡ የወደደውን ትልቅ ሥዕል እንዲሥል አይታዘዝም። ይልቁንም ስለ መስመር፣ ስለ ጥላና ብርሃን፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ርቀትና ስለ ቅርጽ ትንንሽ ልምምዶችን እየደጋገመ ይሠራል። ሥራው አሰልቺ የሚመስላቸው አሉ። ነገር ግን እኛ የጎጃም ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዲማ የሄደ የቆሎ ተማሪ በገባበት ቀን መወድስ አይቀኝም። አስቀድሞ ግሱን ያጠናል፣ አገባቡን ይለያል፤ ከዚያም ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቈጠረውንም ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ፣ የጎደለው ተሞልቶለት፣ የጠመመው ተቃንቶለት ወደ ቦታው ይመለሳል። የሥዕል የመሠረት ትምህርትም ልክ እንደዚሁ የዓይንና የእጅ ግስ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ይህ ዓይነት ትምህርት ዛሬ በብዙ አገር የተለመደ ነው። በሰፊው እንዲታወቅ ካደረጉት አንዱ በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ በ1919 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ዮሐንስ ኢተን የተባለው መምህር አዲስ የገቡት ተማሪዎች ወደ ልዩ ሙያ ከመግባታቸው በፊት መስመርንና ቀለምን እንዲያጠኑ፣ እንጨትን፣ ብረትንና ጨርቅን በእጃቸው እየዳሰሱ ጠባያቸውን እንዲያውቁ ያደርግ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1933 እ.ኤ.አ. ቢዘጋም፣ መምህራኑ በየአገሩ ስለተበተኑ ዘዴው አብሮአቸው ተሰራጨ።

አሁን ወደ ሥራዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው ሥራ የቡና ጀበና መሣል ነው። ጀበና ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ዕቃ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሰው ጀበና ሣል ሲባል የሚሥለው የሚያውቀውን ጀበና እንጂ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን አይደለም። የጀበና አፍ ክብ መሆኑን ስለሚያውቅ ክብ ያደርገዋል፤ ከጎን ሲታይ ግን ያው አፍ እንደ እንቁላል የተለጠጠ ነው። ይህን ለማረም ተማሪው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በያዘው እርሳስም ይለካል። አንገቱ በሆዱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ቁመቱ ከወርዱ ምን ያህል ይበልጣል? እያለ እንደ አናጢ ይመጥናል።

ቀጥሎ የሚሰጠው ሥራ ደግሞ ከዚህ የባሰ እንግዳ ነው። የጀበናውን እጀታ ትታችሁ፣ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሣሉ ይባላል። ባዶ ነገር እንዴት ይሣላል ብሎ የማይገረም ተማሪ የለም። ዳሩ ግን ያ ባዶ ቦታ የራሱ መልክ አለው፤ እሱ በትክክል ከተሣለ እጀታው ሳይሣል ራሱ ይወጣል። ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ከሥዕል አልፎ የሚሄድ ይመስለኛል። ዓይናችን ስም ያለውን ነገር ብቻ ማየት ለምዶአል፤ ስም የሌለውን ያልፈዋል። ሥዕል የታለፈውን ያስቆጥራል።

ሁለተኛው ሥራ የጥላና የብርሃን ልምምድ ነው። በወረቀት ላይ ዘጠኝ ትንንሽ ሣጥኖች ተሠርተው፣ አንደኛው እንደ ወረቀቱ ነጭ፣ ዘጠነኛው እንደ ጥላሸት ጥቁር ይሆናል፤ በመካከል ያሉት ሰባቱ እኩል በእኩል እየጠቈሩ መሄድ አለባቸው። አንዱ ደረጃ ከዘለለ ሁሉም ይፈርሳል። ከዚህ በኋላ ነጭ እንቁላል በነጭ ወረቀት ላይ ተቀምጦ በከሰል እንዲሣል ይታዘዛል። በእጅ ያለው ጥቁር ከሰል ብቻ ነው፤ የሚሣለው ደግሞ ነጭ በነጭ ላይ ነው። ተማሪው ትኵር ብሎ ሲመለከት ግን እንቁላሉ አንድ ዓይነት ነጭ እንዳልሆነ ያገኛል። ብርሃን የመታው ጎኑ ከሁሉ ይነጣል፣ ጎኑ ይደበዝዛል፣ ከሥሩ ያለው ጥላ ይጠቍራል፤ ከታች ካለው ወረቀት የተመለሰው ብርሃንም የእንቁላሉን ሆድ መልሶ በትንሹ ያበራዋል። በየቤታችን ያለውን ነጭ ጋቢ በእንዲህ ያለ ዓይን የተመለከተ ሰው፣ በአንድ ጋቢ እጥፋት ውስጥ ስንት ዓይነት ነጭ እንዳለ ቈጥሮ አይጨርስም።

ሦስተኛው ሥራ የቀለም ነው። ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ተነሥቶ፣ እየቀላቀለ አሥራ ሁለት ቀለሞችን በክብ ማሰለፍ የተማሪው ተግባር ነው። ከዚያም ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ቁራጭ ይቈረጥና አንዱ በጥቁር፣ ሁለተኛው በነጭ ወረቀት ላይ ይለጠፋል። አንድ ዓይነት መሆናቸውን ራሱ የቈረጣቸው ሰው እንኳ እስኪጠራጠር ድረስ፣ በጥቁሩ ላይ ያለው የነጣ፣ በነጩ ላይ ያለው የጠቈረ ሆኖ ይታያል። በባውሃውስ የተማረውና ያስተማረው ዮሴፍ አልበርስ እንዲህ ባሉ ልምምዶች የታወቀ ነው። ትርጉሙም ቀለም ብቻውን አይኖርም፤ የሚታየው ከጎረቤቱ ጋር ነው ማለት ነው። በመስከረም አደይ አበባ እንዲያ የሚያበራው በዝናብ በታጠበ አረንጓዴ መካከል ስለሚፈነዳ ጭምር ነው። ከሩቅ ሲታይ ሰማያዊ የሚመስለውም የጮቄ ተራራ፣ ሲደርሱበት ሣርና አፈር፣ ገብስና ድንጋይ ነው። ሰማያዊ የሚያስመስለው በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚበትነው ነው።

እዚህ ላይ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ አንድ ነገር ላሳስብ። የሱቅ ቀለም ውድ ነው። ነገር ግን የአገራችን ቀይ አፈር ቀለም ነው። የሚቀላውም በውስጡ ባለው ከብረት የተገኘ ዝገት መሰል ነገር የተነሣ ነው። ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ በሙጫ ወይም በእንቁላል አስኳል ከተለወሰ በወረቀት ላይ ይይዛል። ከሰልም ከምድጃ አይጠፋም። ስለዚህ ለመጀመር ያነሰን ዕቃ ሳይሆን ልምድ ነው።

አራተኛው ሥራ የርቀት ሕግ ነው፤ በውጭ ቋንቋ ፐርስፔክቲቭ ይሉታል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚመጣው አስፋልት መካከል ቆሞ አሻግሮ የተመለከተ ሰው፣ የመንገዱ ሁለት ጠርዞች እየተቀራረቡ ሄደው አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ ያያል። በዳር የተተከለው ባሕር ዛፍም ቁመቱ እኩል ሆኖ ሳለ፣ እየራቀ ሲሄድ እያጠረ ይታያል። ይህን ሕግ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ በፍሎረንስ ከተማ ብሩኔሌስኪ የተባለው የሕንፃ ሊቅ በተግባር አሳይቶ፣ አልቤርቲ ደግሞ በ1435 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ጻፈው። ተማሪው በማስመሪያና በእርሳስ ይህን መንገድ ከነዛፉ መሥራት ግዴታው ነው።

ይህን ሕግ የተማረ ሰው ወደ ዙር አባ፣ ወደ ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወይም ወደ ናርጋ ሥላሴ የመሳሰሉ ጥንታውያን አድባራት ሄዶ የመቅደሱን ግድግዳ ሲመለከት፣ የጥንት ሠዓሊዎቻችን ርቀትን አያውቁም ነበር ለማለት ይቸኩል ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍርድ ተገቢ አይደለም። በእነርሱ ሥዕል ትልቅ የሚሆነው የቀረበው ሳይሆን የከበረው ነው። እመቤታችን ትልቅ ሆና ስትሣል፣ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ከእግሯ ሥር ወድቆ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዓይኑ ሲሣል፣ ከሓዲውና ጋኔኑ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ትልቅነትና ትንሽነት፣ ፊትና ጎን፣ እንደ ፊደል የሚነበቡ ምልክቶች ናቸው። የፍሎረንሱ ሕግ ዓይን የሚያየውን ይጽፋል፤ የእኛ አባቶች ሕግ ልብ የሚያምነውን ይጽፋል። ሁለቱንም የተማረ ሰው ሁለት ቋንቋ እንደሚያውቅ ሰው ነው፤ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል አያስፈልገውም። ይህንንም የጎጃሙ ተወላጅ ቄስ አዳሙ ተስፋው በሥራቸው አስመስክረዋል። በቢቸና ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ሲሠሩ ኖረው፣ በ1997 ዓ.ም. ሥዕሎቻቸው በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ ከተማ በፋውለር ሙዚየም ለሕዝብ ታይተዋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ አሁን የምናገረው ስለ አምስተኛው ሥራ ነው። ወደዚህ መድረክ ስመጣ ከሁሉ አስቀድሜ ያሰብኩትም ይህንኑ ነው። ሥራው ጭቃ ነው። ተማሪው ሸክላ ጭቃውን ተረክቦ እንደ ሊጥ ያሸዋል፤ በውስጡ የተደበቀው አየር እስኪወጣ ድረስ እያነሣ ይመታዋል። ከዚያም በእንጨትና በሽቦ በተሠራ አጥንት ላይ ሥጋ እንደሚያለብስ ሆኖ የሰው ራስ ያበጃል። ግንባር የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ዓይን በጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጆሮ ከአፍንጫ አንጻር የት እንደሚቆም ጣቱ ራሱ ይማራል። ሲያልቅም በጄሶ ቅርጹ ይወሰዳል። ሳምንታት የሚፈጅ፣ ወገብ የሚያደክም፣ ልብስ የሚያበላሽ ሥራ ነው።

ይህን ሥራ በአዲስ አበባ የሚሠራው ተማሪ ነው፤ ሲጨርስም ዲግሪ ይሰጠዋል። ይህንኑ ጭቃ በእኛ ገጠር የሚሠሩት ግን ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ናቸው። ለእነርሱ የምንሰጣቸው ምንድን ነው? በገበያ ቀን እንስራቸውን ተሸክመው መጥተው በዳር ይቀመጣሉ። በሠሩት ድስት ወጥ እንሠራለን፣ ባበጁት ምጣድ እንጀራ እንጋግራለን፣ በጀበናቸው ቡና እንጠጣለን፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ በማኅበር አብሮአቸው የሚቀመጥ፣ ልጁን ለልጃቸው የሚድር ጥቂት ነው። አልፎ ተርፎም ቡዳ ናቸው እየተባሉ ይታማሉ። አንጥረኛው፣ ፋቂውና ሸማኔውም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ማረሻውን ማን ሠራልን? የምንለብሰውን ጋቢ ማን ሸመነው? ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ ማፈር የሚገባን እኛ ነን።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሠራተኞች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በአዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። አዋጅ አፍን ይከለክላል እንጂ ዓይንን አይለውጥም፤ ዓይን የሚለወጠው በማወቅ ነው። የመሠረት ትምህርትም ጥቅሙ እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በጭቃ አንድ ራስ ለማቆም ሳምንት የታገለ ተማሪ፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ ያለ ማሽከርከሪያ፣ ያለ መለኪያ፣ በእጇ ብቻ እየዞረች የምታበጀው እንስራ ከንፈሩ እንዴት እኩል እንደሚመጣ ሲያስብ ይደነቃል። ጭቃው ሳይደርቅ ወደ እሳት ቢገባ በውስጡ ያለው እርጥበት ሲተን ሸክላውን እንደሚያፈነዳው ታውቃለች፤ ስለዚህ ትታገሣለች። ምጣዱን በጎመን ዘር እያሸች ታለሰልሰዋለች። ይህ ሁሉ ዕውቀት ነው። መጽሐፍ ስላልተጻፈበት ዕውቀት መሆኑ አልቀረም።

የዛሬ ዘመን ሠዓሊዎችም ይህን ተረድተዋል። ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡት ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና ከኮምፒውተር ስብርባሪዎች እየጠለፉ የሚሠሩአቸው ሥራዎች በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ታይተዋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆነው የመሠረቱትና በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም የተገነባው በጭቃና በጭድ፣ ገበሬው ቤቱን በሚሠራበት ጥበብ ነው። እኛ ቆርቆሮ ስናገኝ የምንንቀውን ጭቃ፣ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ ቆሞ ያደንቀዋል።

ስድስተኛው ሥራ ጽሕፈትና ኅትመት ነው። በጽሕፈት ትምህርት ተማሪው ፊደልን እንደ ሕንፃ ያጠናል፤ የ«መ» ሆድ፣ የ«ረ» እግር፣ የ«ጸ» ትከሻ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ይመዝናል። በብራና መጻሕፍት ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈው ጥቁር ፊደልና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀይ ቀለም ገጹን እንዴት እንደሚያስውቡት ይመረምራል። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የቁም ጽሕፈትን ያስተማሩት ይገዙ ብሥራት ይህ የቤተ ክርስቲያን ጥበብ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ እንዲያገኝ ካደረጉት ናቸው። በኅትመት ደግሞ ሥዕሉ በእንጨት ወይም በሊኖሊየም ላይ ይቀረጻል። የተቀረጸው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ የቀረው ቀለም ይይዛል። ፊደሉም ተገልብጦ ካልተቀረጸ ሲታተም ግልብጥ ይሆናል። ስለዚህ ተማሪው ነገሩን ሁሉ ከኋላው ማሰብ ይለምዳል። ሰምና ወርቅ እየሰማን ላደግን ለእኛ ይህ ከባድ መሆን አይገባውም።

ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ የግምገማ ቀን አለ። ሥራዎቹ ሁሉ በግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ተማሪውም በየተራ እየቆመ ስለ ባልንጀራው ሥራ ይናገራል። «ደስ ይላል» ማለት እንደ መልስ አይቈጠርም፤ ለምን ደስ እንዳለው መናገር ግዴታ ነው። ባለ ሥራውም ሲነቀፍ አይቈጣም፣ ሲመሰገን አይኵራራም። የተሳሳተ መስመር የሠሪው ጠላት አለመሆኑን፣ ወረቀቱ ቢነቀፍ ሰውዬው እንዳልተነቀፈ ቀስ በቀስ ይማራል። በአገራችን ብዙ ጠብ የሚነሣው ሥራና ሠሪ ሳይለዩ ሲቀሩ ስለሆነ፣ ይህ ልማድ በየትምህርት ቤቱ ቢገባ መልካም ነበር እላለሁ።

የዓመቱ መጨረሻ ሥራ «የአገራችሁን አንድ ቦታ ሣሉ» የሚል ነበር። እኔ የመረጥኩት ጢስ ዓባይን ነው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ውሃው ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ የሚወርድበት ፏፏቴ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየሆቴሉ ግድግዳና በየካሌንደሩ ላይ የተሣለው ጢስ ዓባይ ሁልጊዜ ሞልቶ የሚያጓራ ነው። ነገር ግን ማየትን የተማረ ሰው የሚሥለው ካሌንደሩን ሳይሆን ወንዙን ነው። በነሐሴ የደፈረሰው ውሃ የገደሉን አፍ ከዳር እስከ ዳር ይሸፍነዋል፤ በሚያዝያ ግን ይሣሣል። በ1956 ዓ.ም. እና በ1993 ዓ.ም. በአካባቢው ሥራ ለጀመሩት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ውሃው በተጠለፈበት ጊዜ፣ ገደሉ ጥቁር አለት ሆኖ የታየበት ወራትም ነበር። መብራቱም ያስፈልገናል፣ ፏፏቴውም የእኛ ነው። ሠዓሊ በዚህ ላይ አዋጅ አያወጣም፤ ያየውን በእውነት ይመዘግባል፤ የሚመጣው ትውልድ ግን ይፈርድበታል።

ሥራውን ስሠራ ያስቸገረኝ ውሃው አልነበረም፤ ጢሱ ነበር። ጢስ መስመር የለውም፣ ቀለምም የለው። መምህራችን ወረቀቱን አይተው፣ «አለቱን ሣል፣ ጢሱን ተወው» አሉኝ። እንደ ምክራቸው ጥቁሩን አለት፣ እርጥቡን ሣር፣ ከወዲያ ማዶ ያለውን ዛፍ በከሰል ሣልኩና በመካከል ያለውን ወረቀት ነክቼ ሳልነካ ተውኩት። ጢሱ ያ ያልተነካው ወረቀት ሆነ። በዓመቱ መጀመሪያ የጀበናው እጀታ ባዶ ቦታ ያስተማረን ነገር በዚህ ሥራ ላይ ፍሬውን አሳየኝ።

እንግዲህ «ሥዕል ይበላል ወይ?» ወደሚለው ጥያቄ ልመለስ። በዚህ ጉዳይ ላይ ወላጆችን በባዶ ተስፋ ማታለል አይገባም። ሥዕል ተምሮ የሚከብር ጥቂት ነው፤ ሥራ የሚፈልግበትም ጊዜ ረጅም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይፈልጋል፤ የጨርቅ አበባ፣ የዕቃ መጠቅለያ፣ የሕንፃ ጌጥ፣ የፊልም ሥራ፣ የማተሚያ ቤት ፊደል ሁሉ ሠዓሊ ይፈልጋሉ። ሥዕል የሚያስተምር መምህርም በየወረዳው ያስፈልጋል።

ከዚህም በላይ የቀደሙትን ማስታወስ ይጠቅማል። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ተሰጥዎአቸው ሲታይ ግን ወደ ሥነ ጥበብ ተዛውረው በለንደን ስሌድ በተባለው ትምህርት ቤት ተማሩ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ቀለም መስተዋት የእሳቸው ሥራ ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ አባታቸው የብራና መጻሕፍት ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ፤ ልጅዬው የሳይንስ ትምህርት ጀምረው ወደ ሥዕል ተመለሱ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረውም በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ተምረው በ1946 ዓ.ም. ከተመለሱ በኋላ ደክመው ያቋቋሙት ይህ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በኢጣልያ በቬኒስ በሚደረገው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ አዳራሽ ኖሯት ስትቀርብ፣ ሥራቸውን ያቀረቡት ሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳ የተማሩት በዚሁ ቤት ነው። በእነዚህ ሁሉ ፊት አንድ ወቅት «ልጄ፣ ሌላ ነገር ብትማር አይሻልም?» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የቀረ አይመስለኝም።

ሆኖም ልጅ ሁሉ ሠዓሊ ይሁን ማለቴ አይደለም። ማየትን መማር ለሁሉም ይጠቅማል ማለቴ ነው። የሕይወት ሳይንስ ተማሪ ቅጠሉን ከመጽሐፉ ሳይገለብጥ ከዛፉ ላይ አይቶ ቢሥለው፣ የደም ሥሩን የሚመስለውን መስመር ቈጥሮ ያውቀዋል። የጂኦግራፊ ተማሪ የሠፈሩን ኮረብታ ቢሥል፣ አፈሩ በየትኛው በኩል እየታጠበ እንደሚሄድ ያስተውላል። ሐኪምም፣ ገበሬም፣ ዳኛም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋቸው የሰሙትን ካዩት መለየት ነው።

በመጨረሻም ሦስት አሳብ አቅርቤ ልጨርስ። አንደኛ፤ ተማሪዎች በቀን አንድ ነገር፣ አንድ ቅጠል ወይም አንድ ጀበና፣ እያያችሁ ሣሉ፤ ለዚህም እርሳስና የአሮጌ ደብተር ጀርባ ይበቃል። ሁለተኛ፤ በግድግዳ ላይ በከሰል የሞነጫጨረውን ሕፃን ከመግረፋችሁ በፊት፣ ወላጆች ሆይ፣ የሞነጫጨረውን ተመልከቱለት። ሦስተኛ፤ በሚመጣው ዓመት ይህ በዓል ሲከበር፣ ክቡር ዲሬክተራችን ፈቃድዎ ይሁንና፣ ከየገጠሩ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሰፌድ ሰፊዎች፣ ሸማኔዎችና አንጥረኞች በክብር እንግድነት ተጠርተው ከፊት ወንበር ይቀመጡ። እንዴት እንደሚሠሩም ለተማሪዎች ያሳዩ። የመሠረት ትምህርት ለመማር ሁላችንም አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልገንም፤ መምህራኑ በገበያችን ዳር ተቀምጠዋል።